ካኪ ወረቀት ያዳናቸው ሚስማሮች

አልፈታ ያለ ብሎን ሲያጋጥመን አብዛኞቻችን ረዘም ያለ መፍቻ፣ እሱ ከጠፋም ጡንቻው የፈረጠመ ጎረቤት እንፈልጋለን። ለቤት ቧንቧ ይሁን እንበል። ባሕር ጠላቂ በጀርባው በሚያዝለው የአየር ሲሊንደር ላይ ግን እንዲህ ያለው ጀግንነት ነፍስ ያስከፍላል። የሞላ ሲሊንደር ግፊቱ 200 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር 200 እጥፍ መሆኑ ነው። ጥርሱ እንዲህ ታፍኖ እያለ ቢለቅ ቫልቩ እንደ ጥይት ይወረወራል።

ለመሆኑ ለምን ይጣበቃል? ለዚህ ወደ እንግሊዝ ባሕር ኃይል መመለስ ሊኖርብን ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1761 እንግሊዞች «አላርም» የተባለችውን የጦር መርከብ ከሥሯ የመዳብ ቆርቆሮ አለበሷት። የዚያን ጊዜ ጠላታቸው ፈረንሳይ ብቻ አልነበረችም፤ የመርከብ እንጨት የሚቦረቡር የባሕር ትልም ነበረባቸው። መርከቧ ካሪቢያን ደርሳ ተመለሰች። ትሉ አልደፈራትም፣ መዳቡም ደህና ነው። የብረት ሚስማሮቿ ግን ተበልተው አልቀዋል! በ1763 የመረመሯት ሰዎች ታዲያ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ጥቂት ሚስማሮች ምንም አልሆኑም። ለካ መዳቡ ተጠቅልሎ የመጣበት ካኪ ወረቀት ሳይነሣ ቀርቶ፣ ብረቱንና መዳቡን እንዳይነካኩ ለያይቷቸው ኖሯል። በዝርክርክነት የተገኘ ዕውቀት ይሏል ይህ ነው።

ቮልታ በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ሲሠራ ነገሩ ግልጽ እየሆነ መጣ። ሁለት ዓይነት ማዕድን፣ በመሀላቸው ጨዋማ ውሃ፤ አለቀ። «አላርም» ሳታውቀው ተንሳፋፊ ባትሪ ነበረች፣ በዚህ ባትሪ ውስጥ ደግሞ ተበዪው ብረቱ ነው። በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የመርከቦችን መዳብ ከባሕር ለማዳን የዚንክና የብረት ቁራሽ አያያዘበት። ዚንኩ ተበላ፣ መዳቡ ዳነ። ግን ምን ያደርጋል፤ የማይሟሟ መዳብ መርዝነቱን አጣና የባሕር ሣርና ዛጎል ለባሽ ፍጥረታት ሰፈሩበት። ባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው። (ዴቪ ያሳዝነናል። ዛሬ ግን በብረት መርከቦች ቀፎ ላይ ዚንክ የሚታሰረው በእሱው መላ ነው።)

ኩስቶና ጋኞ በ1943 የመጥለቂያ መሣሪያቸውን ሲሠሩ ያው ጣጣ ተከትሏቸው ወደ ባሕር ወረደ። በተለይ ከ1970ዎቹ ወዲህ በተስፋፋው የአሉሚኒየም ሲሊንደር ላይ የሚጠመዘዘው ቫልቭ ናስ ነው። የጨው ውሃ ጥርሶቹ መሀል ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ከተበላው የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከማዕድኑ የበለጠ ቦታ ይይዛልና ክፍተቱን ጠቅጥቆ ይዘጋል። ጡንቻ እዚህ ላይ ጥርሱን ከመላጥ በቀር ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ በመጀመሪያ አየሩ ቀስ ተብሎ እስከ መጨረሻው ይወጣል። ቫልቩ ስለተከፈተ ብቻ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ መተንፈሻው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አንገቱ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጨው ይሟሟል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ሲሞቅ ከናስ ይበልጥ ስለሚሰፋ ጥቂት ይላላል። እሳት ማስጠጋት ግን ክልክል ነው፤ የአሉሚኒየሙን ጥንካሬ ይገድለዋል። ጨው የጋገረባቸው ትንንሽ የናስ ማያያዣዎች በውሃ በቀጠነ አቼቶ ጥቂት ደቂቃ ቢነከሩ ይበቃቸዋል። ከተፈታ በኋላ ጥርሱ ይጠረግና ስስ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባል፤ የካኪ ወረቀቱን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። በብዙ አገር ሲሊንደሩ በየዓመቱ ተፈትቶ ውስጡ ስለሚታይ፣ ቫልቩ ለዓመታት ሳይነካ የመቀመጥ ዕድል አያገኝም።