የጦርነት ጎረቤት የሆነ ሰማይ

ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር በዲላ ከተማ ወይም በአቅራቢያዋ ያልፋል። በጌዴኦ ምድር ከእንሰቱና ከቡናው ሥር የሚሠራው ገበሬ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል እንኳ ከላይ የሚያልፈው በረራ አልተቋረጠም። ከታች የነበረው መሣሪያ ወደዚያ ከፍታ አይደርስምና። እንግዲህ የሲቪል በረራ አደጋ የሚመዘነው መሣሪያው በሚደርስበት ርቀትና፣ ከሁሉም በላይ፣ መሣሪያውን የያዘው ሰው ስለሚያልፈው አውሮፕላን በሚያውቀው ነገር ነው።

ሕጉ ከቆየ ሰንብቷል። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት በ9ኛው አንቀጹ መንግሥታት ለጦር ጉዳይ ወይም ለሕዝብ ደኅንነት ሲሉ ከአየር ክልላቸው ከፊሉን እንዲዘጉ ይፈቅዳል። በነሐሴ ወር 1975 ዓ.ም. የደቡብ ኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ ደግሞ፣ በበረራ ላይ ባለ ሲቪል አውሮፕላን ላይ መሣሪያ ከመጠቀም መቆጠብን የሚያዝ አንቀጽ ግንቦት 2 ቀን 1976 ዓ.ም. በሞንትሪያል ተጨመረ። አንቀጹ የጸናው ግን ከ14 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 21 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው።

ዓመት ሳይሞላው፣ ነሐሴ 23 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ከሉክሶር ወደ ናይሮቢ ይጓዝ የነበረ አንድ አነስተኛ ሊርጄት በዓድዋ አቅራቢያ በኢትዮጵያ ጦር ተመትቶ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 2 ሰዎች ሞቱ። ጊዜው ከኤርትራ ጋር የሚደረገው ጦርነት የተፋፋመበት ነበር፤ ኢትዮጵያም አውሮፕላኑ በረራ በተከለከለበት ቀጠና መግባቱን ገለጸች። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. መቀሌ ከአየር የተደበደበች በመሆኗ፣ በዚያ ሰማይ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ የጠላት መስሎ ቢታይ አያስገርምም፤ ለሞቱት ግን ምንም አይፈይድም። ዓለም አቀፉ ደንብ ያልታወቀ አውሮፕላን ሲገኝ ተዋጊው ጄት ቀርቦ ክንፉን በማወዛወዝ «ተከተለኝ» እንዲል፣ በ121.5 ሜጋኸርዝ የአስቸኳይ ጊዜ ሞገድም እንዲጠራው ያዛል። ከምድር ሆኖ የሚተኩሰው የሚያወዛውዘው ክንፍ የለውም።

በከፍታ መለካትም ብቻውን አያድንም። ዩክሬን ከ32,000 ጫማ በታች ያለውን የምሥራቅ ሰማይዋን ዘግታ ሳለ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2006 ዓ.ም. የማሌዥያው አውሮፕላን በ33,000 ጫማ ላይ በሚሳይል ተመትቶ 298 ሰዎች አለቁ።

ሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. በሶማሊያ የደረሰው ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ከባይዶዋ የተነሣ የኬንያ ኤምብራየር አውሮፕላን ወደ በርዳሌ ሲያርፍ ከአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ውጭ በነበሩ የኢትዮጵያ ወታደሮች ተመቶ 6 ሰዎች ሞቱ። የኢትዮጵያ መከላከያ ሠራዊት በሰጠው ማብራሪያ፣ ወታደሮቹ ስለ በረራው እንዳልተነገራቸውና ዝቅ ብሎ የሚበረውን አውሮፕላን ለአጥፍቶ መጥፋት የመጣ እንደ መሰላቸው አስታውቋል። አብራሪው የሚያውቀውን ከምድር ያለው ወታደር አያውቅም ነበር።

የትግራይ ጦርነት በተጀመረበት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ አየር ክልል ተዘጋ። ይሁንና ኅዳር 4 ቀን ሌሊት ሮኬቶች ከትግራይ ወሰን ውጭ በሚገኙት በጎንደርና በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ተተኮሱ። የባሕር ዳሩ ሜዳ ከአየር ኃይል ጋር የሚጋራ ነው፤ የሲቪል መንገደኛ ከጦር ዒላማ አጠገብ የሚሳፈርበት ቦታ በአገራችን ይህ ብቻ አይደለም።

ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ 11 መንገደኞችን የጫነ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ መቀሌ ሲቃረብ ከተማዋ ከአየር ተደበደበች። ድርጅቱ እንዳስታወቀው በረራው አስቀድሞ ተፈቅዶለት ነበር። የመቀሌ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ «አትውረድ» አለው፤ አብራሪውም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ የድርጅቱ የመቀሌ በረራም ታገደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መደበኛ በረራ ወደ መቀሌ የተመለሰው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።