ውጭ አገር የንግድ ሥራ ትምህርት፦ በሬው ከመሸጡ በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

ልጅን ውጭ አገር ልኮ የንግድ ሥራ ትምህርት ማስተማር የብዙ ቤተሰብ ምኞት ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የምኞቱ ወጪ የሚሸፈነው ከበሬ፣ ከባሕር ዛፍና ከእቁብ በሚገኝ ገንዘብ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ ገበሬው የሚሸጠው የሚያርስበትን ሀብት ነው። ይህ ከመሆኑ በፊት የጉዳዩን ቅደም ተከተል ማወቅ ይገባል።

የትምህርቱ ዓይነት

የንግድ ሥራ ትምህርት ማኔጅመንትን፣ አካውንቲንግን፣ ፋይናንስን፣ ማርኬቲንግንና ሎጂስቲክስን ያጠቃልላል። የመጀመሪያ ዲግሪ በእንግሊዝ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት፣ በአሜሪካ 4 ዓመት ይፈጃል። ኤም ቢ ኤ የሚባለው ሁለተኛ ዲግሪ ከ1 እስከ 2 ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሥራ ልምድ ይጠይቁበታል። የፋርጣ ድንችና ገብስ፣ የፎገራ ሩዝ ከማሳ እስከ ገበያ የሚያልፍበትን መንገድ ለማሻሻል ለሚያስብ ወጣት የግብርና ንግድና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ አያያዝ ጠቃሚ ዘርፎች ናቸው።

ሦስቱ ወረቀቶች

ብዙውን ጊዜ የሚምታቱ ሦስት ሰነዶች አሉ። የመጀመሪያው የመቀበያ ደብዳቤ ነው፤ ትርጉሙም “ከከፈልህ ትማራለህ” ማለት ብቻ ነው። ሁለተኛው የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ነው። ይህም የትምህርት ክፍያን ብቻ ወይስ መኖሪያን፣ ምግብን፣ የጤና መድንንና የአውሮፕላን ትኬትን ጭምር እንደሚሸፍን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። የክፍያው ግማሽ ቀረ ማለት ቀሪው ግማሽና የኑሮው ወጪ በሙሉ በቤተሰቡ ላይ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ቪዛ ሲሆን፣ የሚፈቅደውም ሆነ የሚከለክለው የተቀባዩ አገር መንግሥት እንጂ ዩኒቨርሲቲው ወይም ደላላው አይደለም።

ወጪው

ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ ለተማሪዎች ምዝገባ ሥርዓት 350 ዶላር፣ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ይከፍላል። ቪዛው ቢከለከልም የማመልከቻው ገንዘብ አይመለስም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ኑሮ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ትጠይቃለች፤ ተማሪው ከዚህ የሚያወጣው በየወሩ 992 ዩሮ ነው። ለእንግሊዝ ቪዛ ደግሞ የሚጠየቀው ገንዘብ በባንክ ሒሳብ 28 ተከታታይ ቀናት መቆየት አለበት። ስለዚህ በማመልከቻው ሳምንት ከብት ሸጦ ገንዘቡን ማስገባት አይበቃም።

የምንዛሬው ለውጥም መታሰብ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤተሰቡ በብር ያጠራቀመው የአራት ዓመት ክፍያ በመሐል ሊያንስ ይችላል።

“እዚያ ሠርቶ ይከፍለዋል” የሚለው ተስፋም ገደብ አለው። በአሜሪካ ተማሪ በትምህርት ወቅት ሊሠራ የሚፈቀድለት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው።

ያለ ማመልከቻ ክፍያ የሚገኙ ዕድሎች

በእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። አመልካቹ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ሊኖረው፣ ሲመረቅም አገሩ ተመልሶ 2 ዓመት ሊቆይ ይገባል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያም ለሁለተኛም ዲግሪ ያወዳድራል፤ ትምህርቱን፣ መኖሪያውንና የቱርክኛ ቋንቋ ሥልጠናን ይሸፍናል። ለሁለቱም ማመልከት በነጻ ነው። በእነዚህ ስም “ቦታ አስይዣለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው።

ሰነዶች

የተማሪው፣ የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል አጻጻፉ በፓስፖርት፣ በ12ኛ ክፍል ውጤትና በልደት ምስክር ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ የልደት ቀን ሲቀየር ስህተት እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያሻል። የትምህርት ማስረጃዎች ተተርጉመው በሚመለከታቸው አካላትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

አነስተኛ ወጪ ያለው መንገድ

የመጀመሪያ ዲግሪን በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ የአገር ውስጥ ተቋም ጨርሶ፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ በሙሉ ስኮላርሺፕ መወዳደር የቤተሰቡን ጥሪት አያናጋም። በዚህ መንገድ ልጁ ባይመረጥ እንኳ ዲግሪውና ሥራው በእጁ ናቸው፤ በሬውም ከበረት አልወጣም።

ቅደም ተከተሉን ለማጠቃለል፦ በመጀመሪያ የመቀበያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ከዚያም ቪዛ። እነዚህ ሳይሟሉ ለማንም ከፍተኛ ገንዘብ መስጠት፣ ጥማድ በሬንም ለገበያ ማውጣት አይገባም።