የአረቄ ሱስ

የአረቄ ሱስ አንድ ሰው አረቄ ጤናውን፣ ሥራውንና ትዳሩን እየጎዳው መሆኑን እያወቀ መጠጣቱን ማቆም ሲያቅተው የሚፈጠር የአልኮል ጥገኝነት ነው። በሕክምና ዘንድ በሽታ ነው፤ በሰፈር ግን «ሰካራም» የሚለው ስም ይቀድማል።

መጠጡ
አረቄ (ካቲካላም ይባላል) ከጌሾ፣ ከብቅልና ከእህል ድፍድፍ ተነጥሮ ይወጣል። እህሉ እንደ አገሩ ነው፤ ዳጉሳ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ሊሆን ይችላል፣ በፎገራ ሜዳ ደግሞ ሩዝም ይገባበታል። የአልኮል መጠኑ 40 በመቶ ገደማ ሊደርስ ስለሚችል ከጠላ ብዙ እጥፍ ይበረታል። በመለኪያ ስለሚሸጥ ጥቂት ብር የያዘም አያጣውም። የሚያወጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ለብዙዎቹም ልጅ የሚያሳድጉበት ገቢ ነው።

ሕክምናና ቤት አልባነት
ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታም ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ካልታከመ ሊሞትም ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ታማሚውን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጠበል ነው። እዚያ መጠጡ ስለሚቋረጥ ምልክቶቹ በቀናት ውስጥ ይመጣሉ፣ የመንፈስ ሥራም ሊመስሉ ይችላሉ። በጤና ተቋም ግን እንደ ዲያዜፓም ባሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ1 ይታከማሉ። ጠበሉም ሕክምናውም አብረው ቢሄዱ የሚከለክል ነገር የለም።

ከቤቱ ለወጣ ሰው ነገሩ ይከፋል። ፎገራ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። ምዝገባው በአባወራና በእማወራ ሲሆን፣ መክፈል የማይችሉትን ድሆች የሚመርጠው ቀበሌ ነው። ወረታ አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ የሚያድር፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው በየትኛው ቤት ስም ይመዘገባል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሚዞሩት ቤት ለቤት ነው።

ደጅ ማደር በአካባቢው ሌላ አደጋም አለው። ይፋግ የምትገኝበት ሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ ተከስቶበታል፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አንዳንዶቹ የካላዛር መድኃኒቶች ጉበትንና ቆሽትን ስለሚጎዱ ብዙ የሚጠጣን ሰው ማከም ይከብዳል።

ሕግ
አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉም መሸጥን አግዷል። ክልከላው በዋናነት የነካው ቢራ ጠማቂዎችን ነው፤ አረቄ ድሮም ማስታወቂያ አልነበረውም።