የጋውዲ ሕንፃዎችና የባርሴሎና ጎዳና

ባርሴሎና የደረሰ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመራው አንቶኒ ጋውዲ ወዳነጻቸው ቤቶች ነው። አስጎብኚው ግድግዳው እንደ ባሕር ማዕበል መታጠፉን፣ የጢስ መውጫው የጦረኛ ራስ ቁር መምሰሉን፣ ዓምዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ማውጣቱን ያስረዳል። ያስረዳውም እውነት ነው። ገንዘቡ ከየት እንደ መጣና ቤቱ በሚታነጽበት ጊዜ በጎዳናው ላይ ምን ይደረግ እንደ ነበር ግን እምብዛም አይናገርም። ታሪክን ከሕዝብ ኑሮ ነጥለን እንዳናይ የተማርን እኛ ከተማይቱን መዞር የሚገባን ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ነው። (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጋውዲ በ1852 ካታሎንያ ውስጥ ከመዳብ ቀጥቃጭ ተወለደ። በ1878 ከባርሴሎና የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ለባለ ጸጋ የተሠራ አልነበረም። በማታሮ ከተማ ለነበረ የሽመና ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር የነደፈው አዳራሽ ነበር፤ አጫጭር ጣውላዎች በብሎን ተጋጥመው እንደ ቀስት ጎብጠው ጣሪያውን የተሸከሙበት ይህ ቤት ዛሬም ቆሟል። ሆኖም በዚያው በ1878 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ወጣቱ አርክቴክት ለአንድ የጓንት ነጋዴ የሠራውን የመስተዋት ሣጥን ኤውሴቢ ጉዌል የተባለ ከበርቴ አየውና ወደደው። ከዚያ በኋላ የጋውዲ ዕጣ ከዚህ ሰው ጋር ተቆራኘ።

ጉዌል በከተማ ያሠራው ቤተ መንግሥት ከወደቡ ብዙ በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ ይገኛል። የመካከሉ አዳራሽ ጉልላት በትናንሽ ቀዳዳዎች ስለ ተነደለ፣ ቀን ለቀን የከዋክብት ሰማይ መስሎ ይታያል። ከጉልላቱ ሥር ቆሞ አለመደነቅ አይቻልም። ይሁንና የጉዌል አባት ሀብቱን የጀመረው በኩባ ንግድ ነው። ሚስቱም የአንቶኒዮ ሎፔዝ ልጅ ነበረች። ሎፔዝ ኩባ ላይ በልጽጎ የመርከብ ኩባንያ ባለቤትና የኮሚያስ ማርኪስ ለመባል የበቃ ሰው ሲሆን፣ ባሪያ ነጋዴ ነበር ብሎ በ1885 በመጽሐፍ ያጋለጠው የገዛ ሚስቱ ወንድም ነው። ሐውልቱን ማዘጋጃ ቤቱ ያነሣው በ2018 ነው። ስፔይን በኩባ የቀረውን የባርነት ሕግ የሻረችው በ1886 ነበር፤ የዚህ ቤተ መንግሥት ሥራም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

በኮረብታው ላይ ያለው የጉዌል መናፈሻ ብዙ አያቆየንም። በ1900 ሲጀመር የታሰበው ለሀብታሞች 60 የቤት ቦታ ሊሸጥበት ነበር። ገዢ ጠፋና ሁለት ቤት ብቻ ተሠርቶ ቀረ፤ በአንደኛው ጋውዲ ራሱ ገባበት። ለከበርቴዎች ገበያ ጣሪያ ይሆኑ ዘንድ የቆሙት 86 ዓምዶችና በላያቸው የሚጠማዘዘው መቀመጫ፣ ከማዮሊካ ስብርባሪ ተለብጦ፣ በ1926 ለሕዝብ ተከፈተ። የንግድ ሐሳብ ከስሮ ሕዝብ ሲያተርፍ ማየት ደስ ያሰኛል። ከ2013 ወዲህ ግን ወደ ዋናው ክፍል ለመግባት ቲኬት መቁረጥ ግድ ሆኗል።

ነገሩ የሚጠብቀው ከሰፊው የግራሲያ ጎዳና ላይ በ1906 በተጀመረው በካሳ ሚላ ነው። የከተማው ሰው በፌዝ «ካባው» ይለዋል፤ በእርግጥም ድንጋይ የወጣበት ገደል ይመስላል። ባለቤቱ ፔሬ ሚላ ያገባት ሴት የመጀመሪያ ባሏ በጓቴማላ የቡና ተክል ያካበተውን ሀብት የወረሰች ነበረች። እዚህም የባሕር ማዶ ትርፍ ድንጋይ ሆኖ ቆመ።

ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ሐምሌ 1909 ደረሰ። በሰሜን ሞሮኮ የሪፍ ተወላጆች የስፔይን ማዕድን ኩባንያ የባቡር መንገድ ሠራተኞችን አጠቁ፤ ከኩባንያው ባለ ድርሻዎች መካከል የጉዌልና የኮሚያስ ቤተ ሰቦች ይገኙበት ነበር። መንግሥት ሚስትና ልጅ ያላቸውን ተጠባባቂ ወታደሮች ጠርቶ ከባርሴሎና ወደብ አሳፈረ። 1500 ፔሴታ መክፈል የሚችል ልጁን ያስቀራል፤ የማይችል ይሄዳል። የጫኗቸው መርከቦችም የኮሚያስ ማርኪስ ኩባንያ ነበሩ። የባለ ጸጋ ሚስቶች የቅዱሳን ሜዳሊያና ሲጋራ ሊያድሉ ወደቡ ላይ ቢቆሙ፣ ዘማቾቹ የተሰጣቸውን ወደ ባሕር ወረወሩት። ሐምሌ 26 ሥራ ማቆም ተጠራ፤ ጎዳናው በድንጋይ ታጠረ፤ ወደ 80 የሚጠጉ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተቃጠሉ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሳምንቱ ውስጥ የሪፍ ተዋጊዎች ሜሊያ አጠገብ የስፔይንን ጦር ክፉኛ መቱት። ዓድዋ ከሆነ 13 ዓመት አልፎ ነበር። በጥቅምት መምህሩ ፍራንሴስክ ፌሬር የአመፁ መሪ ተብሎ በጥይት ተደበደበ። የሚላ ቤተ ሰብም ለሕንፃው ጫፍ የታሰበውን የማርያምን ሐውልት፣ እሳቱን ፈርቶ፣ አስቀረው።

ጋውዲ ስለዚህ ሁሉ ምን አሰበ? መልሱን በሥራው እንፈልግ። በ1883 የተረከበው ሳግራዳ ፋሚሊያ የሥርየት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በምጽዋት ይሠራ ዘንድ የታቀደ፣ የከተማይቱ ኃጢአት የሚካስበት። በአመፁ ዓመት ከቅጥሩ ውስጥ ለሠራተኞችና ለአካባቢው ሰዎች ልጆች ትንሽ ትምህርት ቤት አቆመ። ስስ ጡብ ብቻ ነው፤ ጣሪያው እንደ ነፋስ የነካው ጨርቅ ይወዛወዛል፤ ጥቂት ወጪ፣ ብዙ ብልሃት። በእኔ አስተያየት ከታላቁ ግንብ ይልቅ የማታሮውን አዳራሽ የነደፈው ወጣት የሚታየው እዚህ ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ጦርነት ለተነሣ ጩኸት ግን ትምህርት ቤትና ንስሐ በቂ መልስ አልነበረም።

ሰኔ 7 ቀን 1926 ትራም ገጨው። ልብሱ ያረጀ፣ ኪሱ ወረቀት የሌለው ስለ ነበር ለማኝ መስሏቸው ወደ ድሆች ሆስፒታል ወሰዱት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። የቀበሩትም በሳግራዳ ፋሚሊያ ምድር ቤት ነው። በሐምሌ 1936 የፍራንኮ ጦር ሲነሣ፣ የተቆጣ ሕዝብ ያንን ምድር ቤት አቃጠለ፤ የጋውዲን የጀሶ ሞዴሎችም ሰባበረ። ሊቃውንቱ ከስብርባሪው ለቅመው ሥራውን ቀጠሉ።

ግንባታው ገና አላበቃም። በ2025 የመካከሉ ግንብ ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ከፍታ በለጠ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያለ ደንበኛ ፈቃድ ሲሠራ ኖሮ ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ያገኘው በ2019 ነው። የቀረው ትልቁ በር ነው፤ ደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ሰፊ ደረጃ እንዲዘረጋ ታቅዷል፤ በዚያ ቦታ ላይ ግን ሰው የሚኖርባቸው የመኖሪያ ሕንፃዎች አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች የጋውዲ ሐሳብ ነው ይላሉ፤ ነዋሪዎቹ አይደለም ብለው ይሟገታሉ። ከቤትህ ተነሣ መባል ምን እንደ ሆነ ለእኛ ማስረዳት አያሻም። ከማዮርካ መንገድ ወዲያና ወዲህ፣ አንዱ ወገን ንድፉን፣ ሌላው የቤቱን ቁልፍ ይዞ ተፋጠዋል።