የሽንት ምስክርነት፦ መድኃኒትና ጉበት በታሪክ ሚዛን

በ1975 (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ስሚዝ የተባለው ተመራማሪ በለንደን ከባልደረቦቹ ጋር ዴብሪሶኪን የተሰኘውን የደም ግፊት መድኃኒት ለሙከራ ዋጠ። ባልደረቦቹ ደህና ሲሆኑ፣ የእርሱ የደም ግፊት በብርቱ ወርዶ መቆም ተሳነው። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ስለምን ተለያየ?

መልሱ የተገኘው በሽንት ውስጥ ነው። ጉበት መድኃኒትን ለማስወገድ በኢንዛይሞቹ አማካይነት ኦክስጅን ያክልበታል፤ በዚህም በውኃ ይበልጥ የሚሟሟ ሌላ ውሁድ፣ ማለትም ሜታቦላይት ይገኛል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለው ዘዴ ያልተለወጠውን መድኃኒትና ሜታቦላይቱን ለያይቶ ይለካል፤ የሁለቱ መጠን ሲነጻጸር የኢንዛይሙ ፍጥነት ይታወቃል። በስሚዝ ሽንት የተገኘው አብዛኛው ያልተለወጠ መድኃኒት ነበር። በ1977 የታተመው ጥናትም ጉድለቱ በዘር የሚወረስ መሆኑን አስረዳ። ይህ ኢንዛይም ኋላ ሲዋይፒ2ዲ6 ተባለ።

በኢትዮጵያ ነገሩ በተቃራኒው ተገለጠ። እሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተደራርቦ ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ግን ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። በ2002 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጽሮ፣ ከዘር ሌላ የኑሮ አካባቢም በኢንዛይሙ ሥራ ላይ ድርሻ እንዳለው አመለከተ።

ፋይዳው ከቤተ ሙከራ ያለፈ ነው። ኮዴይን የተባለውን ማስታገሻ ይህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ኢንዛይሙ እጅግ ፈጣን በሆነበት ሕፃን ደም ውስጥ ሞርፊኑ በዝቶ ትንፋሽን እስከ ማገድ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ወስኗል።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጉዳዩ ከወባ ጋር ይገናኛል። ቫይቫክስ የተሰኘው የወባ ተሕዋስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። የሚያጠፋው ፕሪማኪን ደግሞ ኃይሉን የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም ተለውጦ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት ኢንዛይሙ በደከመባቸው ሰዎች ወባው ከሕክምና በኋላ እንደሚያገረሽ አሳየ።

እንግዲህ በሌላ ሕዝብ ጉበት የተለካ መጠን ለሁሉ ልክ ነው ማለት አይቻልም። ለካ ሳይሉ መቁረጥ በሕክምናም ያስቀጣል።