ርቀቱን ማን ለካ?

ሜዳ ላይ የሰው ሬሳ ተገኘ፤ ገዳዩ አልታወቀም እንበል። ምን ይደረጋል? ኦሪት ዘዳግም 21ን ክፈቱ። ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ሬሳው ከወደቀበት እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ። የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች የጊደር አንገት ሰብረው፣ እጃቸውን ታጥበው በእግዚአብሔር ፊት ይቆማሉ። ልብ በሉ፣ ለመልስ የሚቆሙት የከተማው ታላላቆች ናቸው እንጂ ዳር የተገፋው ምስኪን አይደለም።

ይህንኑ ኦሪት በግዕዝ ሲያነብቡ የኖሩት ቤተ እስራኤል ከፒያሳ ሩቅ አልነበሩም። ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ጎንደርን ሠርተዋል። ሆኖም በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ ጉባኤ ተቀምጦ እነርሱም ሙስሊሞችም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ማረሻውን ከእነርሱ እንገዛ ነበር፤ እንስራውንም እንዲሁ። ልጅ በድንገት ሲሞት ግን ርቀት የሚለካ አልነበረም። «ቡዳ በላው» ተባለ፣ አለቀ። ተጠርጣሪው ሟቹ ሳይታመም በፊት ታውቆ ያደረ ነው።

ሰፈር መለየት የት እንደሚያደርስ በአውሮፓ ታይቷል። የፒያሳችንን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የሠራው የፋሽስት መንግሥት በ1938 በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣ። በ1943 ጀርመኖች ከሮም ከ1,000 በላይ አይሁድ አፍሰው ወደ አውሽዊትዝ ላኩ፤ የተመለሱት 16 ናቸው። በዋርሶ፣ በ1940 በግንብ በታጠረው የአይሁድ ሰፈር፣ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የሚባል የታሪክ ምሁር ከጓደኞቹ ጋር ማስረጃ ሰበሰበ፦ የዕለት ማስታወሻ፣ የሕፃናት ጽሑፍ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ። በብረት ሣጥንና በወተት ማመላለሻ ቆርቆሮ ከትተው ቀበሩት። እርሱ ተገደለ፤ ከተቀበረው ግን ከፊሉ በ1946፣ ከፊሉ በ1950 ተቆፍሮ ወጣ። ሟቾቹ ራሳቸው መርማሪ ሆነው ነበር።

ወለቃ ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ይሸጣል፤ ባለቤቶቹ ግን አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው። ቃሉ እዚሁ ቀርቷል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የመዘምራን እህታችን ታመመች። ከጸሎት በኋላ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «የማን ቤት ቡና እንደጠጣች ታውቃለህ?» አለኝ። እኔ፣ አስተማሪያችሁ፣ ዝም አልኩ። ሐኪም ቤት ስትመረመር ታይፎይድ ሆኖ ተገኘ፤ አሁን ድናለች፣ ጌታ ይመስገን። ቡናውን ያፈሉላት እናት ግን ከዚያ እሁድ ወዲህ ወደ እኛ አልመጡም።