በግማሽ የተነበበ ውል፦ የአልፋሽጋ የወሰን ክርክር

በሰቲትና በአትባራ ወንዞች መካከል ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚያበቅል ሰፊ ጥቁር አፈር ተዘርግቷል። አልፋሽጋ ይባላል። ስለዚህ መሬት ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ተብሏል፤ ውሎቹን ያነበበ ግን ጥቂት ነው።

ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወሰን ውል ተፈራረሙ። የውሉ ሁለተኛ አንቀጽ፣ ወሰኑ በመሬት ላይ የሚመለከተው ሁለቱ ወገኖች በሚሰይሙት የጋራ ኮሚሽን እንደሆነ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በ1895 ዓ.ም. ሻለቃ ቻርልስ ግዊን ምልክቶቹን የተከለው የኢትዮጵያ ኮሚሽነሮች በሌሉበት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ሲለዋወጡ ኢትዮጵያ የግዊንን መስመር ለማካለሉ መሠረት አድርጋ ተቀበለች። በዚያው ሰነድ ደግሞ ከመስመሩ ማዶ ሰፍረው የሚያርሱ ዜጎች ጉዳይ በወዳጅነት እልባት እስኪያገኝ ድረስ ነባሩ ሁኔታ እንዲጠበቅ ተስማሙ።

ክርክሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በካርቱምና በገዳሪፍ የሚሟገተው ወገን መስመሩን ይጠቅሳል፤ «የጋራ» የሚለውን ቃልና የአራሾቹን ጉዳይ ግን ይዘላል። በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚሟገተው ደግሞ የግዊንን ብቻውን መሥራት ያነሳል፤ የ1964ቱን ስምምነት ግን አያነሳም። ሁለቱም የሚጠቅሱት እውነት ነው፤ አድማጩን የሚያሳስተው የሚያስቀሩት ነው።

ሰነዱ በማይነበብበት ቦታ ወሬ ይነግሣል። በ2000 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ በተለይም በውጭ አገር፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ለሱዳን ተሰጠ ተባለ። ይህ አኃዝ በዚያን ጊዜ የነበረው የሁለቱ አገሮች ወሰን ጠቅላላ ርዝመት ነው፤ አልፋሽጋ ከዚያ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ነው። መንግሥት ግን ድርድሩን ከነካርታው ለሕዝብ በይፋ ስላላቀረበ፣ ወሬውን የሚያርም ማስረጃ በሰው እጅ አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ ስፍራው ገብቶ ኢትዮጵያውያን አራሾችን ሲያስለቅቅም ነገሩ ተደገመ። ብዙ የዜና ማሰራጫዎች የመሬቱን ስፋት 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲያደርጉት፣ ሌሎች 600 ሺህ ፈዳን አሉ። አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ስለሆነ፣ ሁለተኛው ቁጥር ከ2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲነገሩ ቆዩ፤ አባዝቶ ያየ ጥቂት ነበር።

የዚህን ሁሉ ዕዳ የሚከፍሉት ተከራካሪዎቹ አይደሉም። የሚከፍሉት ዘርቶ ሳያጭድ የተፈናቀለው ገበሬ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር የሚሻገረው የቀን ሠራተኛና ገላባትና መተማ ሲዘጉ ገበያው የሚቀዘቅዝበት ነጋዴ ናቸው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል ያገራችን ሰው፤ በወሰን ነገር መላው ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው።